ሞተሩ ወደ ኋላ ሲሻገር

(አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። እሳቸው በቨርጂኒያ ጋራዥ የሚሠሩ መካኒክ፣ እሷ በሚቺጋን የምትሠራ የሜካኒካል መሐንዲስ። የሚከራከሩት ስለ ስምንተኛው ትውልድ ኮርቬት ነው። ወዳጆቹ ከሞተሩ ምን ጠብቀው ነበር? ምን አገኙ? ከእንግዲህስ ምን ይጠይቁ?)

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 18፣ 2019 በካሊፎርኒያ ቱስቲን ከተማ የመኪናው መጋረጃ ሲገለጥ፣ ብዙው የኮርቬት ወዳጅ የተደሰተው በግማሽ ልቡ ነበር። ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ መግባቱን ሲያይ ፈነደቀ። የሞተሩን ዓይነት ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። ያው የሚያውቀው 6.2 ሊትር፣ ባልቦላዎቹ በፑሽሮድ የሚከፈቱ ቪ8 ነው። 490 የፈረስ ጉልበት፣ የስፖርት ማርሚታ ሲጨመርለት 495። ሰው የጠበቀው ካምሻፍቶቹ ከቴስታታው ላይ የተቀመጡ፣ ሁለት ተርቦ ያለው አዲስ ሞተር ነበር። እርስዎ ያን ቅሬታ ይጋሩታል?

መካኒኩ፦ አልጋራውም፤ ግን አልንቀውም። ኮርቬትን የሚሠራው ጄኔራል ሞተርስ ያን ሰሞን ካዲላክ ሲቲ6 ላይ 4.2 ሊትር፣ ባለ ሁለት ተርቦ፣ 550 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገጥሞ ነበር። ያንን ያየ ሰው «ለቤት መኪና ይህን የሰጠ ኩባንያ ለኮርቬት ምን ሊሰጥ ነው!» ብሎ ቢጓጓ ምኑ ያስወቅሰዋል? ቅር ያለው መኪናውን ስለሚወድ ነው። እኔ የምለው፣ ያን ቀን ሌላ ቁጥር ማየት ነበረበት።

መሐንዲሷ፦ የትኛውን?

መካኒኩ፦ 3.7ንና 2.9ን። ሰባተኛው ትውልድ ሞተሩ ከፊት ሆኖ 460 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 3.7 ሰከንድ ይፈጅበታል። አዲሱ 495 አለው፤ የጨመረው 35 ብቻ ነው። የሚደርሰው ግን በ2.9 ሰከንድ ነው። 35 ፈረስ ብቻውን ይህን ያህል ጊዜ አይቆርጥም። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ንገሪያቸው ከየት እንደመጣ።

መሐንዲሷ፦ አብዛኛው የመጣው የኋላ ጎማዎቹ ላይ ካረፈው ክብደት ነው። የፊተኛው መኪና ክብደቱን ለፊትና ለኋላ እኩል ያካፍል ነበር ማለት ይቻላል። አዲሱ ከመቶ 60 የሚሆነውን ከኋላ ያሳርፋል። መኪናው የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ አስፋልቱን መግፋት የሚችለው በተጫነው ልክ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ባይለወጥ፣ ከ50 ወደ 60 መውጣት ማለት ጎማው ሳይንሸራተት የሚያስተላልፈው ግፊት በአንድ አምስተኛ አደገ ማለት ነው። በዚያ ላይ ስምንት ማርሽ ያለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ተጨመረ። አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው ወዲያው ስለሚይዝ፣ ማርሽ ሲቀየር ወደ ጎማው የሚሄደው ጉልበት አይቋረጥም።

መካኒኩ፦ እንግዲህ ሞተሩን ብቻ ስታዪ ይህ ሁሉ አይታይሽም። ከፊት ሞተር ያለው የመጨረሻው ኮርቬት ዜድ አር 1፣ 755 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ያን ሁሉ ጉልበት ሁለት የኋላ ጎማ መሬት ላይ ማዋል አይችልም፤ እግርሽን ስትጫኚ ጎማው ጭስ ይሆናል። መሐንዲሶቹ ራሳቸው ከፊት ሞተር ጋር የሚሄዱበት መንገድ እንዳለቀ ተናግረዋል። ስለዚህ ሞተሩን ማሻገር የውበት ጉዳይ አልነበረም።

መሐንዲሷ፦ ከመነሳቱ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ መታጠፉ ነው። ከባዱ ነገር ከመኪናው መሃል ሲጠጋ መኪናው በራሱ ዙሪያ ለመዞር ያለው እምቢታ ይቀንሳል።

መካኒኩ፦ ውሃ የሞላ ሁለት ባልዲ እጅሽን ዘርግተሽ ይዘሽ ዙሪ ብትባዪ፣ መነሳቱም ይከብዳል፣ ዞረሽ ማቆሙም ይከብዳል። ባልዲዎቹን ወደ ደረትሽ ስታስጠጊያቸው ያው ክብደት ይቀልልሻል። መሪው ሲጠመዘዝ አፍንጫው ወዲያው የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

መሐንዲሷ፦ የሹፌሩ ወንበርም 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት መጥቷል። ከፊት ረጅም ኮፈን ስለሌለ መንገዱ ከእግርዎ ሥር የሚጀምር ይመስላል። ግን ጋሼ፣ ሰው ይህን የመሰለ መኪና ከዚህ ኩባንያ ስንት ዘመን ሲጠብቅ እንደኖረ ሳይነገር ጉጉቱ አይገባም።

መካኒኩ፦ የዞራ አርከስ-ደንቶቭን ነገር ልታስነሺኝ ነው።

መሐንዲሷ፦ ያለ እሳቸው እንዴት ይወራል?

መካኒኩ፦ እኔ ይህን ሰው ሳስብ ልቤ ይነካል። ከሩሲያውያን ወላጆች በ1909 ብራስልስ ተወለደ። በጃንዋሪ 1953 ኒው ዮርክ ዋልዶርፍ-አስቶሪያ ሆቴል የመጀመሪያውን ኮርቬት ለዕይታ ቀርቦ አየው፤ በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ገባ። በ1954 እና በ1955 በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በፖርሸ 550 ተወዳድሮ በክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። ያ ትንሽ ፖርሸ ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ነው። ይህ ሰው ሐሳቡን ከመጽሐፍ አልቀዳውም፤ ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ በወገቡ ያወቀው ነገር ነው።

መሐንዲሷ፦ ዓለምም ወደዚያው እየሄደ ነበር። በ1958 ስተርሊንግ ሞስ ሞተሩ ከኋላ በሆነ ትንሽ ኩፐር የአርጀንቲናን ግራንድ ፕሪ ወሰደ። በ1959 ጃክ ብራብሃም በኩፐር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1965 ጂም ክላርክ በሎተስ የኢንዲያናፖሊስን ውድድር አሸነፈ። በ1966 ደግሞ ላምቦርጊኒ ሚዩራ ያንን የውድድር አቀማመጥ ለመንገድ መኪና አመጣው።

መካኒኩ፦ ደንቶቭ ደግሞ በ1960 ሰርቭ 1 የሚባለውን፣ በ1964 ሰርቭ 2ን ሠራ፤ ሁለቱም ሞተራቸው መሃል ነው። በ1970 ኒው ዮርክ ላይ ኤክስፒ-882 ቀረበ። ያ መኪና ኋላ ኤሮቬት የተባለውን ወለደ፤ ሊመረት ነው ተባለ፤ ቀረ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ ከፊት ሞተር ያለው ኮርቬት እንደ ልብ እየተሸጠ ለምን ገንዘብ እናፍሳለን? ለሻጭ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ደንቶቭ ግን በ1975 መግቢያ ጡረታ ወጣ፣ በ1996 ሞተ፤ የተመኘው መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ አላየም። ከዚያ በኋላ እንደገና የተጀመረውን ሥራ ደግሞ የ2008 የገንዘብ ቀውስ አስቆመው።

መሐንዲሷ፦ እኔ አንዳንዴ የምናደደው በዚህ ነው። ያን ያህል ዘመን ተጠብቆ ከመጣ፣ ለምን በምርጡ ሞተር አልመጣም? የጠባቂዎቹ ቅሬታ ከዚህ ነው የሚነሳው፤ ትክክልም ይመስለኛል።

መካኒኩ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ እንለያያለን። የፑሽሮድ ሞተር ካምሻፍቱ አንድ ነው፤ እሱም በሁለቱ ሲሊንደር ረድፍ መሃል ታች ተቀብሯል። ስለዚህ ቴስታታው ትንሽ ነው፣ ሞተሩ አጭር ነው። ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከጀርባሽ የሚገባ ሞተር አጭር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ከባዱ ነገር ሁሉ መሬት ይጠጋል፣ በኋላ መስተዋትም ያሳይሻል። ዘይቱን ደግሞ ከሥሩ በሰፊ ሳህን አያጠራቅምም፤ በፓምፖች እየተመጠጠ ወደ ለብቻ ታንክ ይሄዳል። መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሞተሩ አይደርቅም። ይህን ከዝቅተኛው ሞዴል ጀምሮ ነው የሰጡት። ዋጋው ስንት ነበር?

መሐንዲሷ፦ ሲገለጥ 59,995 ዶላር።

መካኒኩ፦ በቃ! ሞተሩ መሃል የሆነ፣ ቪ8 የሆነ፣ በ2.9 ሰከንድ የሚነሳ መኪና ከ60 ሺህ ዶላር በታች። አራት ካምሻፍትና ሁለት ተርቦ ቢያደርጉበት ያ ዋጋ አይኖርም ነበር። ሠርቶ ለዓመታት የቆጠበ ሰው ሊደርስበት የሚችል መኪና ሆኖ መቅረቱ ለእኔ ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል። ደንቶቭም ሲደክም የኖረው ለኮርቬት ነው፤ ከሀብታም በቀር ማንም ለማይደርስበት መኪና አልነበረም።

መሐንዲሷ፦ የዋጋውን እቀበላለሁ። አንድ የጠፋ ነገር ግን አለ፤ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ።

መካኒኩ፦ እሱ ያመኛል። አልዋሽሽም፣ እሱ እስካሁን ያመኛል። የሚገዛው ሰው እየቀነሰ መሄዱን አውቃለሁ፤ ለጥቂት ገዢ ብሎ ለእንዲህ ያለ መኪና አዲስ ካምቢዮ የሚሠራ ኩባንያ ማግኘትም ቀላል አይደለም። የመኪናው ዋና አከርካሪ የሆነውን የመሃል ዋሻ ለማርሽ ዘንግ ብሎ መብሳትም አከርካሪውን ያደክማል። ምክንያቱ ሁሉ ይገባኛል። ግን ፍሪሲዮን በግራ እግር ረግጦ ማርሽ በእጅ ማስገባት መኪናውንና ሰውየውን የሚያስተዋውቅ ነገር ነው፤ መሪው ላይ ያለች ቀዘፋ መሳይ ቁልፍ ያንን አትተካም።

መሐንዲሷ፦ እኔ ደግሞ የምመሰክረው ለዚሁ ትውልድ ኃይለኛ ሞዴል፣ ለዜድ 06 ነው። ቅር ያለው ወዳጅ የጠበቀውን ያገኘው እዚያ ላይ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል፤ ሞተሩን ሰው ያወቀው አስቀድሞ በጆሮው ነው። በጃንዋሪ 2020 ዴይቶና ላይ ሲ8.አር የተባለው የውድድር መኪና ሲወጣ፣ ከኮርቬት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ አወጣ። ኮርቬት የሚታወቀው በጎርናና ድምፅ ነው፤ ይኼኛው ከፍ እያለ የሚጮኽ ሆነ። ድምፁን የሰማ አዋቂ ሁሉ ይህ ጠፍጣፋ ክራንክ ሻፍት ነው አለ። ያ መኪና በ2020ም በ2021ም በአሜሪካው የኢምሳ ውድድር የክፍሉን ሻምፒዮና ወሰደ። የመንገዱ መኪና የተገለጠው በኦክቶበር 2021 ነው። ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፁን እየሰማ ነበር የጠበቀው።

መካኒኩ፦ ለአንባቢ ልዩነቱን አስረጂ እንጂ።

መሐንዲሷ፦ የተለመደው የአሜሪካ ቪ8 ክራንክ ሻፍቱ ከጫፉ ሲታይ መስቀል ይመስላል፤ ፒስተኖቹ የሚያያዙባቸው ክንዶች በ90 ዲግሪ ይራራቃሉ። ለሹፌሩ ለስላሳ ነው፤ ግን ከባድ ሚዛን ማስጠበቂያ ብረት ይፈልጋል። በአንድ ረድፍ ያሉት ሲሊንደሮች ሲተኩሱም እኩል አይቆጥሩም፤ ያ የሚወዱት ጎርናና ድምፅ የሚወጣው ከዚህ አለመመጣጠን ነው። ጠፍጣፋው ክራንክ ሻፍት ግን ክንዶቹ በ180 ዲግሪ ተቃራኒ ናቸው። ተኩሱ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማርሚታ የሚወጣው ጭስ በእኩል ልዩነት ይመጣል፤ አንዱ ግፊት ሌላውን አያፍነውም፤ ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል። ክራንክ ሻፍቱም ቀላል ስለሆነ ዙሩ በፍጥነት ይወጣል።

መካኒኩ፦ ጉዳቱስ?

መሐንዲሷ፦ ንዝረት። ከዙሩ ጋር የሚያድግ፣ ሞተሩ በተለቀ ቁጥር የሚከፋ ንዝረት። ጠፍጣፋ ክራንክ የሚያደርጉ ፋብሪካዎች ሞተሩን ትንሽ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። የኮርቬት መሐንዲሶች ያጠኑት የፌራሪ 458 ሞተር 4.5 ሊትር ነው፤ 562 የፈረስ ጉልበት በ9,000 ዙር ይሰጣል። እነሱ ግን 5.5 ሊትር ላይ ወጡ። ይህ ድፍረት ነው። የሲሊንደሩን ስፋት 104.25 ሚሊ ሜትር አደረጉት፤ ስትሮኩን፣ ማለትም ፒስተኑ የሚወጣና የሚወርድበትን ርቀት፣ ወደ 80 አሳጠሩት። የፑሽሮዱ ሞተር ስትሮክ 92 ነው። አሁን ይህችን ሒሳብ ይዩልኝ። 80 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ፒስተን በደቂቃ 8,600 ዙር ሲሽከረከር አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 23 ሜትር ገደማ ነው። የ92ቱን በዚያው ዙር ቢያሽከረክሩት ከ26 ያልፋል፤ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ቢየላ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ያስቡት። ስለዚህ ስትሮኩ ሲያጥር የዙር በር ተከፈተ፤ ቢየላዎቹንም ቲታኒየም አደረጓቸው።

መካኒኩ፦ ውጤቱ 670 የፈረስ ጉልበት በ8,400 ዙር፣ ያለ ምንም ተርቦ። እኔን የገረመኝ ግን ቶርኩ ነው። ከትንሹ መኪና ያንሳል!

መሐንዲሷ፦ አዎ! ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህን ነው። የፑሽሮዱ ሞተር ቶርክ 637 ኒውተን ሜትር ነው፤ የዜድ 06 623። በአንድ ዙር የሚሰጠው ጉልበት እንኳን ሊበልጥ፣ ትንሽ ቀንሷል። ግን ያንን በየደቂቃው ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ 175 የፈረስ ጉልበት የተገኘው ከዙር ብቻ ነው። ተርቦ ቢሆን ከታች ጀምሮ ይገፋዎታል፤ ይኼኛው ግን ሹፌሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ 5,000 ላይ ያማረው 8,000 ላይ ሌላ ነገር ይሆናል። ወዳጆቹ በልባቸው የሚመኙት ሞተር ይህ ነበር፤ በቁጥር ሲናገሩት ግን «ሁለት ተርቦ፣ 1,000 ፈረስ» እያሉ ይሳሳታሉ።

መካኒኩ፦ እኔ በመካኒክ ዓይን አንድ ነገር ልጨምር። የባልቦላው ክፍተት ፋብሪካ ውስጥ በቀጫጭን ብረት ተለክቶ ይዘጋል፤ ለሞተሩ ዕድሜ ልክ አይነካም ነው የሚሉት። በዚያ ዙር የሚሮጥ ሞተር በየጊዜው ተከፍቶ እንዲስተካከል አለመጠየቁ ትልቅ ሥራ ነው። ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ ውስጥ ደግሞ አንድ ሞተር በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ በዚያው ሰው እጅ ያልቃል፤ ስሙም ሞተሩ ላይ ይለጠፋል። የእጅ ሥራ የሚያከብር ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

መሐንዲሷ፦ ከዚያ የመጣው ዜድ አር 1 ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልገንም። በዚያው 5.5 ሊትር ላይ ሁለት ተርቦ ተጨመረ፤ በ2024 1,064 የፈረስ ጉልበት ተባለ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ማርክ ሩስ ራሱ ጀርመን ፓፐንበርግ ላይ በሰዓት 233 ማይል ነዳው፤ 375 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አስደናቂ ነው፤ ግን ከዜድ 06 የሚለየው በመጠን ነው፤ አዲስ ሐሳብ አላየሁበትም። አዲሱ ሐሳብ ኢ-ሬይ የተባለው ሞዴል ነው።

መካኒኩ፦ እንዴት አድርገሽ? እሱ እኮ ኤሌክትሪክ ነው።

መሐንዲሷ፦ ግማሹ። ከኋላ ያው የፑሽሮድ ሞተር 495 ይዞ አለ፤ የፊት ጎማዎቹን 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ኤሌክትሪክ ሞተር ይነዳል፤ ድምሩ 655። ባትሪው 1.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ አይሰካም፤ ሲነዱትና ፍሬን ሲይዙ ራሱን ይሞላል። አሁን ያነጻጽሩ። ዜድ 06 670 ፈረስ ይዞ በ2.6 ሰከንድ 60 ይደርሳል። ኢ-ሬይ ጉልበቱ አንሶ፣ ክብደቱ በዝቶ፣ በ2.5 ይደርሳል። ቅድም ከተነጋገርንበት ሒሳብ ጋር አንድ ነው፤ ጥያቄው ምን ያህል ጎማ ይገፋል ነው። ሞተሩን ወደ ኋላ ማሻገር ከሁለት ጎማ የሚገኘውን ሁሉ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሌሎቹን ሁለቱን መጥራት ነው። ደንቶቭም ይህን አይቶት ነበር። ሰርቭ 2 በ1964 በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነበር እኮ!

መካኒኩ፦ (ትንሽ ቆይተው) ይህንስ ልክ ነሽ። ሰርቭ 2 በአራቱም ይነዳ ነበር። እንደዚህ አላሰብኩትም።

መሐንዲሷ፦ ስለዚህ ለእኔ የደንቶቭ መኪና የተጠናቀቀው ኢ-ሬይ ሲወጣ ነው። ቀኑም በደንብ ተመርጧል፤ ጃንዋሪ 17፣ 2023፤ የመጀመሪያው ኮርቬት ዋልዶርፍ ላይ በታየ በሰባኛው ዓመት።

መካኒኩ፦ ይሁን። ግን አንድ ነገር አልለቅሽም። ኢ-ሬይን ሃያ ዓመት ቆይቶ አንድ ጋራዥ ይረከበዋል። የፑሽሮዱ ሞተር ያኔም ይነሳል፤ ዕቃው ይገኛል፤ መካኒኩም ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ሞተሩን፣ ባትሪውንና የሚያስተሳስራቸውን ኮምፒውተር ግን ማን ይጠግነዋል? ወዳጅ የሚባለው ሰው መኪናውን ዕድሜ ልኩን ሊይዝ የሚመኝ ነው። ስለ ፍጥነት የምንጠብቀውን ያህል ስለ ዕድሜም መጠበቅ አለብን።

መሐንዲሷ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከመሐንዲሶቹ ልንጠይቀው የሚገባ። ዕቃው ለስንት ዓመት እንደሚቀርብ፣ የኮምፒውተሩ መረጃ ለውጭ ጋራዥ ይከፈት እንደሆነ። ኢ-ሬይን እደግፋለሁ፤ ይህን ሳይመልሱ ግን አይለፉ።

መካኒኩ፦ ቀጣዩ ሞተርስ? ጄኔራል ሞተርስ በ2025 ቶናዋንዳ፣ ኒው ዮርክ ላለው ፋብሪካ 888 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ ስድስተኛው ትውልድ ቪ8 እዚያ ሊሠራ ነው። ዋናው ለትልልቅ ፒክአፖቹ ነው፤ ኮርቬት ግን ከዚሁ ቤተሰብ ሞተሩን ሲያገኝ የኖረ መኪና ነው። አንቺ ቢጠይቁሽ ምን ትያቸዋለሽ?

መሐንዲሷ፦ ለዝቅተኛው ኮርቬት የሚሆነው ሞተር ስትሮኩ አይርዘም እላቸዋለሁ። ሊትሩን መጨመር ካስፈለጋቸው በስፋት ይጨምሩት። ፑሽሮድም ቢሆን 7,000 ዙር በደስታ የሚወጣ ይሁን። የፊት ኤሌክትሪክ ሞተሩን ደግሞ ገዢው ሲፈልግ ብቻ የሚያስጨምረው ያድርጉት። እርስዎስ?

መካኒኩ፦ እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ያለ ተርቦ ይሁን። ዋጋው ደሞዝተኛ የሚደርስበት ይሁን። ሦስተኛውን ታውቂዋለሽ።

መሐንዲሷ፦ ፍሪሲዮን።

መካኒኩ፦ ግራ እግር የሚረግጠው ፍሪሲዮን። ለጥቂት መኪና ብቻም ቢሆን፣ ዋጋው ቢጨምርም። የሚገዛው ሰው እንዳለ ማሳየት የኛ ሥራ ነው፤ መሥራቱ የእነሱ። ዋሻውን ሳይበሱ ማርሹን ከኋላ ካምቢዮ ጋር በሽቦ ምልክት ማገናኘት ይቻላል ወይስ አይቻልም? አንቺ መሐንዲስ ነሽ።

መሐንዲሷ፦ ይቻላል። በእጅዎ የሚሰማዎት ስሜት ያንኑ ይምሰል ከተባለ ነው ሥራው የሚከብደው። ልሞክረው፤ በወረቀት ላይ ልሥራውና አሳይዎታለሁ።